ዕድሜ ጠገቡን ላንድክሩዘር በግቢ ማደስ፤ ከማስዋቡ በፊት ምን ይቅደም?

በሰንበትና በበዓላት ቀናት በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የመኖሪያ ሰፈሮች፣ በሩ ገርበብ ባለ ግቢ ውስጥ ኮፈኑ የተከፈተ አሮጌ ላንድክሩዘርና እጁ ግራሶ የነካ ባለንብረት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች መካከል የመጀመሪያ ዘመናቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ሰሌዳ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ አሳልፈው፣ በኋላም በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡት ጥቂት አይደሉም። ከገዢዎቹም መካከል ተሽከርካሪውን በመስክ ሥራ ላይ ያወቁት፣ ለዓመታት በጀርባ ወንበሩ የተንገላቱበት የመንግሥት ሠራተኞች ይገኙበታል።

እነዚህን ተሽከርካሪዎች ጠብቆ ማቆየት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የቤተሰብ ኢኮኖሚ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣሉ ከውጭ የሚገቡ አሮጌ መኪኖች ዋጋ አሻቅቧል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ ላይ ያስከተለውን ለውጥ መለዋወጫ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። በመሆኑም በእጁ ያለውን ናፍጣ ሞተር አሮጌ ተሽከርካሪ ያበላሸ ሰው፣ በተመሳሳይ ዋጋ ሌላ የሚተካበት ዕድል እጅግ ጠቧል።

ይሁንና በየግቢው ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች የሚወጣው ገንዘብ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከፊት ፓራውልቱ ላይ አራት ፓውዛ የተደረደረለት፣ ሰፋፊ ጎማ የተገጠመለትና ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ የተጫነበት፣ ነገር ግን የፍሬን ቱቦዎቹ ከፋብሪካ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ያልተቀየሩለት ላንድክሩዘር በየመንገዱ ይታያል። በጸሐፊው እምነት ለአሮጌ ተሽከርካሪ ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ፋብሪካው ወደ ሠራበት ሁኔታ መመለሱ ሲሆን፣ ማናቸውም ጭማሪ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ቅደም ተከተሉም በሚቆመው፣ ማለትም በፍሬን መጀመር አለበት።

ላንድክሩዘር ለግቢ ጥገና የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዝርያው መነሻ የሆነው ቶዮታ ቢጄ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። በአገራችን ዛሬም ድረስ የሚታዩት በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የ60፣ በ1984 የወጣው የ70 እና በ1980ዎቹ ማብቂያ የተከተለው የ80 ተከታታይ ሞዴሎች ናቸው። ሁሉም አካላቸው ለብቻው በቆመ ጠንካራ ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። የብዙዎቹ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው በሜካኒካል ፖምፓ በመሆኑ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፤ የተፈታውም ክፍል መልሶ ሊገጠም በሚችልበት አኳኋን የተነደፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በ70 እና በ80 ተከታታይ ላይ በስፋት የተገጠመው 1ኤች ዜድ የተሰኘው ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 4,164 ሲሲ ሞተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ባለንብረቱ በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው የተሽከርካሪውን ትክክለኛ የምርት ዓመት ነው። ለአብነት ያህል የ70 ተከታታይ እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ የፊት እግሩ በባሌስትራ ላይ ያረፈና ቸርኬውም በ6 ዳዶ የሚታሰር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ባሌስትራው በጥምዝ ሞላ ተተክቶ ዳዶዎቹም 5 ሆነዋል። ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት መኪኖች የአንዱ ዕቃ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ያልሆነ ዕቃ ተሸክሞ ከመመለስ የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀት ይዞ መሄድ ይሻላል።

እዚህ ላይ በቅንፍ ሊነሳ የሚገባው የቋንቋ ጉዳይ አለ። መኪናው የጃፓን ቢሆንም የግቢው ጥገና የሚካሄደው በአመዛኙ ከጣልያንኛ በተወረሱ ቃላት ነው። ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔት፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ በየዓመቱ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር ከዚያ የመጡ ናቸው። የአምራቹ የጥገና መመሪያ ደግሞ ባብዛኛው የሚገኘው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ መመሪያውን አንብቦ ከመካኒኩ ጋር ለመነጋገር ባለንብረቱ ሁለቱን የቃላት ዓለም ማገናኘት ይጠበቅበታል። የእያንዳንዱን ዕቃ የእንግሊዝኛና የጋራዥ ስም ጎን ለጎን የጻፈበት ደብተር ያለው ሰው ከብዙ አለመግባባት ይድናል። በዚያው ደብተር ላይ የተሠራው ሥራ፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ሊመዘገብ ይገባል። ፋይል የማደራጀት ልምድ ላለው የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም።

ከተሽከርካሪው ሥር ከመግባት በፊት ግን የሕይወት ጉዳይ አለ። ላንድክሩዘር ባዶውን እንኳ ሁለት ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን በመሆኑ፣ ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያነት ፈጽሞ ሊያገለግል አይገባም። ተሽከርካሪው ከተነሳ በኋላ በጠንካራ መሬት ላይ በቆመ የብረት መደገፊያ ላይ ማረፍ፣ በመሬት ላይ የቀሩት ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት መታገድ አለባቸው። ብሎኬት ሳይታሰብ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው በቀድሞዎቹ የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮችና በላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን የማስተላለፊያ ዘንግ መሆኑ ነው። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት በተነሳ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ በነፃ ስለሚያሽከረክረው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦም መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ይህን ሳያውቁ ከሥሩ መተኛት ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

ወደ ፍሬኑ ስንመለስ፣ የአገራችን መልክዓ ምድር ራሱ ፈታኝ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አሽከርካሪ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሰው የመኪናውን የመንቀሳቀስ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት እየለወጠ ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያስተላልፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 በመባል የሚታወቀው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው በትንሹ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በከተማ ውስጥ ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው በግቢ ውስጥ ለመሥራት ከሚቻሉ ሥራዎች አንዱ ከመሆኑም በላይ ወጪው አነስተኛ ነው። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ አየሩ ይወጣል። ሥራው አንዱ ፔዳል ሲረግጥ ሌላው ማስተንፈሻውን የሚፈታበት የሁለት ሰው ሥራ ሲሆን፣ የተለመደው አካሄድ ከፍሬን ማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ መጀመር ነው። ዘይቱን ለመቆጠብ ሲባል የወጣውን መልሶ መጨመር የለፉበትን ሥራ ከንቱ ያደርገዋል። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማዕድናዊ ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ የጎማ ክፍሎቹን ሁሉ አሳብጦ ስለሚያበላሽ የመያዣው ንጽሕና ወሳኝ ነው። የጎማ ቱቦዎቹም ከውጭ ባይሰነጠቁም ከውስጥ ያብጣሉ። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በግፊት ይሄድና መመለስ ያቅተዋል፤ ፍሬኑም አንዱን ጎማ ይዞ ይቀራል። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ቱቦ ካለ ምርመራ ሳያስፈልገው ሊለወጥ ይገባል። የፍሬን ድራም በሚከፈትበት ጊዜ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ብናኙን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር ከመንፋት ይልቅ በውሃ በረጠበ ጨርቅ ማንሳት ከሳንባ ጉዳት ያድናል።

ሁለተኛው ትኩረት የሚሻው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ በከተማዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ከዚህ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በደጋ ከቆላ ይልቅ ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል። ክዳኑ ከመላው የማቀዝቀዣ ሥርዓት ርካሹ ዕቃ ቢሆንም ዘወትር የሚረሳው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ያልተረዳ ባለንብረት የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን በማዞር ነዳጁን ይጨምርለታል። የተጨመረው ነዳጅ የሚቃጠልበት አየር ስለሌለ በጥቁር ጭስ መልክ በማርሚታ ይወጣል፤ የሚቃጠለው ክፍልም የሞተሩን ሙቀት ያንረዋል። መኪናው በደጋው መዳከሙ ብልሽት ሳይሆን ተፈጥሯዊ ነው።

ከሙቀት ጋር ተያይዞ ሊወገድ የሚገባው ሌላው ልማድ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቅ ብቻ ሳይሆን፣ ራዲያተሩን ዘሎ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድም የሚዘጋ ነው። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ዘወትር ክፍት ስለሚሆን ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። በብርዳማ የደጋ ጠዋት ሞተሩ በወቅቱ አይሞቅም፤ በዳገት ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገትንና የኖራ ክምችትን ያስከትላል። ተገቢው ኩላንት የሚያስፈልገው በረዶን ለመከላከል ነው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ዋነኛው ጥቅሙ ለእኛ ዝገት መከላከሉ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣው ወጪ የብዙ ዓመት ኩላንት ይገዛል።

የ1ኤች ዜድ ሞተር ባለንብረቶች ሊዘነጉት የማይገባው ደግሞ የታይሚንግ ቺንጊያ ነው። የቀደሙት የ60 ተከታታይ ናፍጣ ሞተሮች ይህን ሥራ የሚያከናውኑት በጥርስ በመሆኑ፣ ከእነርሱ ወደ 1ኤች ዜድ የተሸጋገረ ሰው ቺንጊያ መኖሩን ላያስታውስ ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ የተቀመጠው የመለወጫ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጊዜው ሲደርስ በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ሆኖም በጨረታ የተገዛ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለዓመታት ቆሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ ቺንጊያው እንዳልተለወጠ መቁጠር ያዋጣል። ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስቶኖቹ ይጋጫሉ። ትዕግሥትና የተሟላ መፍቻ ያለው ሰው መመሪያውን ተከትሎ በግቢው ሊለውጠው ይችላል። ምልክቶቹን በቀለም ሳያሰምር አሮጌውን የሚያወጣ ሰው ግን ከመነሻው ቢተወው ይሻላል።

ላንድክሩዘርን ከሌሎች የቤት መኪኖች የሚለየውና በአመዛኙ የሚዘነጋው የፊት አክስሉ ነው። በጎማው ጀርባ የሚታየው ክብ የብረት ኳስ በውስጡ መሪ ሲዞር እየታጠፈ ጎማውን የሚያሽከረክረውን መገጣጠሚያ ይዟል። ይህ ክፍል የሚሠራው በወፍራም ግራሶ ሲሆን፣ ከዲፈረንሻሉ ቀጭን ዘይት የሚለየው አንድ ኦይል ሲል ብቻ ነው። ሲሉ ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል። ከዚያም ጥቁር ሾርባ የመሰለ ፈሳሽ በኳሱ ላይና በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ብዙዎች ይህን እንደ ተራ የዘይት ላብ ቆጥረው በጨርቅ ይጠርጉታል። ነገር ግን ዲፈረንሻሉ ዘይቱን፣ መገጣጠሚያው ደግሞ ግራሶውን እያጡ ነው። ከዚያ የሚከተለው አራቱም ጎማ ተገናኝቶ መሪ ሲጠመዘዝ የሚሰማ ኳኳታ ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ውሃ በዚያው መንገድ ይገባል፤ ለወራት ቆሞም ኩሽኔቶቹን ያዝጋቸዋል።

ይህን ክፍል ፈትቶ ማጠብ፣ ሲሎቹን መለወጥና በአዲስ ግራሶ መሙላት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይወስዳል። ለሥራው የሚያስፈልገው ልዩ ዕቃ የሃቡን ዳዶ የሚፈታው ባለ 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ በብዙ ግቢዎች ስለማይገኝ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ መምታት ተለምዷል፤ አንድ መኪና ወደ አንድ ግቢ ሲገባ የዳዶውን ጠርዝ በማየት ብቻ የቀድሞ ጥገናውን ደረጃ መገመት ይቻላል። ቁልፉ የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ለጎረቤትም ይተርፋል። ኩሽኔቶቹ ሲገጠሙ ከልክ በላይ ከጠበቁ ይግላሉ፤ ከላሉ ጎማው ይወዛወዛል። የአምራቹ መመሪያ ሃቡ መዞር የሚጀምርበትን የመሳብ ኃይል በቁጥር አስቀምጦታል፤ ይህንንም በተራ የሞላ ሚዛን መለካት ይቻላል።

ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣውና አክስሉ በዚህ መልኩ ከታደሱ ማሻሻያ ወደሚባለው መሄድ ይቻላል። በአገራችን ቀዳሚው ማሻሻያ ባሌስትራ መጨመር ነው። ጭነት ለሚያዘወትር መኪና ጥቅም አለው። ባዶውን ለሚሄድ ግን መኪናውን ያደርቀዋል፤ በኮሮኮንች ላይ ጎማው መሬት እየለቀቀ ስለሚዘል መሪም ፍሬንም ይከዳል። ከዚህ በላይ ግን ብዙዎች የማያውቁት ችግር አለ። በበርካታ ላንድክሩዘሮች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን እየለካ ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን የፍሬን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። ቫልቩ የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋልና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። በመሆኑም ከባድ ጭነት እንዲሸከም የተሻሻለው መኪና ጭነቱን የሚያቆምበትን አቅም በከፊል አጣ ማለት ነው። መፍትሔው ዘንጉን በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ሲሆን፣ ባሌስትራ የሚሠራው ባለሙያ ይህን እንዲፈጽም በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል።

ጎማን በተመለከተ፣ ከ31 ኢንች ወደ 33 ኢንች የተሸጋገረ መኪና የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ በእውነቱ የሚጓዘው በ85 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ትልቁ ጎማ ለማቆምም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ሞተሩንም ያደክማል፤ በመሪ ቴስቲናዎች ላይም ጫና ይጨምራል። ይልቁንስ ሲገዙ የጎማውን ዕድሜ ማየት ይበጃል። በጎኑ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የምርት ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ለዓመታት በመጋዘን የከረመ ጎማ እንደ አዲስ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነውና።

የተጨማሪ መብራት ጉዳይ ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። በ12 ቮልት የሚሠሩ ሁለት ባለ 100 ዋት መብራቶች በድምሩ ከ16 አምፔር በላይ ይስባሉ። ይህን በቀጭን ሽቦ በማብሪያና ማጥፊያው በኩል ማሳለፍ ማብሪያውን ማቅለጥ ነው። ሽቦው ወፍራም፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው፣ በሪሌም የሚታዘዝ መሆን አለበት። በዚሁ ዘዴ የፋብሪካውን የፊት መብራት ብቻ በሪሌ ማገናኘት በአሮጌ መኪኖች ላይ ብርሃኑን በሚታይ መጠን ያሻሽለዋል፤ አራት ፓውዛ ከመደርደር በፊት ይህ ቢሞከር መልካም ነው።

ተርቦ ላልነበረው 1ኤች ዜድ ተርቦ መግጠም በተለይ በደጋ ያማልላል። ይሁን እንጂ ቶዮታ ራሱ በተርቦ የሠራው 1ኤች ዲ ቲ ሞተር ናፍጣውን በቀጥታ ወደ ፒስቶኑ የሚረጭ፣ ቴስታታውም የተለየ ነው። የ1ኤች ዜድ ቴስታታ ግን ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ስላለው የሙቀት መጨመር በዚያ አካባቢ ስንጥቅ ያስከትልበታል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠምና ፖምፓው በባለሙያ ሳይስተካከል የሚደረግ ከሆነ ዕድሜ የማሳጠር ሥራ ነው። ፖርቶ መጋላም ቢሆን በልክ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ 17 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አራት ጀሪካን ከትርፍ ጎማ ጋር ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ ቀድሞውኑ ረጅም የሆነው መኪና በመጠምዘዣ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

በአንጻሩ ማንም የማይኩራራበት ነገር ግን ከሁሉ ሊቀድም የሚገባው ጭማሪ የደህንነት ቀበቶ ነው። ለመስክ ሥራ የመጡ በርካታ የ70 ተከታታይ መኪኖች ከኋላ ፊት ለፊት የተያዩ የጎን አግዳሚ ወንበሮች አሏቸው። በመሥሪያ ቤት ዘመናቸው ባለሙያዎች፣ ዛሬ ደግሞ ልጆች ይቀመጡባቸዋል። በግጭት ጊዜ በጎን የተቀመጠ ሰው እንኳን ያለ ቀበቶ በቀበቶም ቢሆን በሚገባ አይጠበቅም። ወንበሩን ወደ ፊት በሚያይ ወንበር መተካትና ቀበቶውን በላሜራው ላይ ሳይሆን ከሥር በወፍራም ብረት በተደገፈ ቦታ ማሰር ተገቢ ሲሆን፣ ብየዳው ለባለሙያ የሚተው ነው። በሻንሲ፣ በመሪና በፍሬን ክፍሎች ላይ የሚደረግ ብየዳም በግቢ የሚሞከር አይደለም። የናፍጣ ፖምፓና የኖዝል ልክ ማስተካከልም ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከሕግ አኳያም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ተሽከርካሪን ስለመለየት፣ ስለመመርመርና ስለመመዝገብ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎችን ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ግዴታ ያስገዛ ነበር። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈሩ ናቸው። ሞተር የለወጠ ባለንብረት ለውጡን በወቅቱ ካላስመዘገበ ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ ወይም በሽያጭ ወቅት ከሰነዱ ጋር የማይገናኝ መኪና ይዞ ይቀራል። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ሕጋዊ የግዥ ሰነድ መቀበል ስለ ንብረቱ አመጣጥ ከሚነሳ ጥያቄ ያድናል። በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ በግል ፍላጎት መብራት ማከል፣ ጎማ መቀየር ወይም ባሌስትራ መጨመር ደግሞ ከንብረት አስተዳደር አሠራር ውጪ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የፊት አክስሉ ጥቁር ሾርባ ሲያፈስ ወይም የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ሲሞላው በጽሑፍ ማሳወቅ ከሾፌሩም ከተጓዡ ኃላፊም የሚጠበቅ ነው።

የተቃጠለ ዘይት በግቢ አፈር ላይ ወይም በጎርፍ መውረጃ ቦይ መድፋት የጉድጓድ ውሃን ስለሚበክል በጀሪካን አጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ጋራዦች ማስረከብ ያስፈልጋል። አሮጌ ባትሪም እንዲሁ።

ሥራው ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው ጉዞ ሩቅ መሆን የለበትም። በሰፈር ውስጥ በዝግታ ተነድቶ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ከዚያም ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ በሜዳማ ቦታ ቆሞ፣ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ሃብ በማስጠጋት ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል መኖሩ ይፈተሻል። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ኩሽኔቱ ጠብቋል ወይም ፍሬኑ አልለቀቀም። የቸርኬ ዳዶዎቹም ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ። የፍሬን ዘይቱና የራዲያተሩ መጠን ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ይታያል፤ የተገኘውም ንባብ በደብተሩ ላይ ከቀኑ ጋር ይሰፍራል።